ዘርሚና ከበሩ ስትመለስ

ዘርሚና የተያዘችው የሌላ ሴት የሰርግ ልብስ ስትጠልፍ ነው። ፖሊሶቹ ወደ ስፌት ቤቱ ሲገቡ የወርቅ ክሩ ገና ከመርፌው አልወጣም ነበር። ካራቺ ተወልዳ፣ ካራቺ አድጋ፣ ከካራቺ ሌላ ከተማ ረግጣ የማታውቀውን ልጅ "አፍጋን ነሽ፤ ወደ አገርሽ ትገቢያለሽ" ብለው ከእናቷ ጋር በጭነት መኪና ወሰዷት። አገርሽ የተባለችውን ምድር እናቷ ጉላላይ እንኳ በቅጡ አታስታውሳትም። ከአፍጋኒስታኗ ኩንዱዝ የወጣችው ገና ሕፃን ሳለች፣ በእናቷ ጀርባ ታዝላ ነው።

ሙዛሚል ወሬውን የሰማው ከእህቱ ነበር። የሰርግ ልብሱ የእሷ ነበርና "ሳትጨርስልኝ ወሰዷት!" እያለች ስታለቅስ፣ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንዳያዩበት ነው። የታወቀው ኮንትራክተር የሐጂ ከራማት አንድ ወንድ ልጅ ከአፍጋን ሰፈር የመጣች ጠላፊ ይወዳል ቢባል ማን ይሰማል? ፍቅራቸው የተጀመረው በመስተዋት ውስጥ ነው። እህቱን ለልኬት ሲያመላልስ፣ እሱ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ እሷ መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ፣ በትልቁ መስተዋት ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሳምንታት የተነጋገሩት በዚያው መስተዋት ብቻ ነበር። ፊት ለፊት ቆመው የመጀመሪያውን ቃል ሲለዋወጡ ሁለቱም ድሮ የተዋወቁ ያህል ሳቁ።

አሁን ያች ልጅ የት እንዳለች የሚነግረው ጠፋ። በየፖሊስ ጣቢያው ዞረ። "እዚህ የለችም" አሉት፤ "ነበረች" አሉት፤ "አንተ ምኗ ነህ?" አሉት። በመጨረሻ ከከተማው ውጭ ወደሚገኘው፣ የሚባረሩ ሰዎች ማቆያ ወደተደረገው አሮጌ ጥጥ ፋብሪካ መወሰዷን ሰማ። ሲሰማም ደነገጠ። ፋብሪካውን ያውቀዋል። በሕይወቱ ገብቶበት አያውቅም እንጂ፣ በየቀኑ ውሃ የሚያመላልሱለት ቦቴዎች የአባቱ ናቸው፤ ቦቴዎቹን በስልክ የሚያሰማራውም እሱ ራሱ ነው።

በማግስቱ አንዱን ሾፌር አስወርዶ መሪውን ራሱ ጨበጠ።

*

የፋብሪካው የብረት በር ተከፍቶ ከኋላው ሲዘጋ ሙዛሚል ድምፁን በጥርሱ ውስጥ ሰማው። ግቢው ፀጥ ያለ ነው። ያን ሁሉ ሰው የያዘ ቦታ እንዲህ ፀጥ ማለቱ ከጩኸት ይልቅ ያስፈራ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቶቹ ሰው የማይደርስባቸው፣ መጋዘኖቹ በሽቦ የታጠሩ ናቸው። በሴቶቹ በኩል ያለው ሽንት ቤት በሩ ተነቅሎ ከዘበኞቹ መቆሚያ ጋር ፊት ለፊት ይተያያል። አንዷ ስትገባ ሁለት ሴቶች ሻርፓቸውን ወጥረው ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ። ስልካቸው ተነጥቋል። ዳኛ ፊት የቀረበ የለም። መቼ እንደሚወጡ፣ ወዴት እንደሚወሰዱ የሚነግራቸው የለም፤ አውቶቡስ ሲመጣ ብቻ ስም ይጠራል።

"ዛሬ ደግሞ ልብሱ የተተኮሰ ሾፌር ላኩልን!" አለች የሴቶቹ ዘበኛ ኩልሱም፣ ወገቧን ይዛ። "አንተ ልጅ፣ ቦቴ የሚነዳ ሰው እንዲህ ሽቶ ሽቶ ይላል እንዴ? ሙሽራ ልትወስድ ነው የመጣኸው ውሃ ልትቀዳ?"

ሙዛሚል ጀሪካን ይዘው ከተሰለፉት ሴቶች መካከል ዘርሚናን አይቷት ነበር። ፊቷ ከስቶ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። በየመንገዱ ሲለማመደው የመጣው ቃል ሁሉ ጠፋበት።

"ዘርሚና።"

እሷ ግን እሱን አላየችም። የምታየው የቦቴውን ጎን ነው። በአረንጓዴ ቀለም፣ ዙሪያውን ጽጌረዳ ተስሎበት፣ "ሐጂ ከራማትና ልጅ" ተብሎ ተጽፏል።

"'ልጅ' የተባለው አንተ ነህ?" አለችው።

"አዎ፤ ግን ዘርሚና፣ እኔ የመጣሁት..."

"ቅመሰው።"

"ምኑን?"

"ያመጣኸውን።"

መዳፉን ከቧንቧው ስር አድርጎ ተጎነጨ። ጨው ጨው፣ ደግሞም የረጠበ ቆዳ ቆዳ ይላል። ሊተፋው ፈለገ፤ ዓይኗን ሲያይ ዋጠው።

"ያቺን ሴት አየሃት?" አለች፤ ሕፃን አቅፋ ግድግዳ ተደግፋ ወደተቀመጠች ወጣት እያመለከተች። "ታጅቢቢ ትባላለች። ይህን እየጠጣች ስታጠባ ወተቷ ደረቀ። አሁን ለልጇ በማንኪያ የምትሰጠው ይህንኑ ነው። ማፍያ እንጨት የለን፣ ሐኪም የለን። ሆዱ ከተበላሸ ሰነበተ።"

"በአላህ እምላለሁ፣ አላወቅኩም።"

"በስምህ እየመጣ?"

"ኧረ እናንተ!" ብላ ኩልሱም ጮኸች። "ይሄ የውሃ ወረፋ ነው የፍቅር? ቀጥይ አንቺ!"

ዘርሚና ጀሪካኗን አንስታ ሄደች። ሙዛሚል አንድ ጊዜ ዘወር ብላ ታየኝ ይሆናል ብሎ ሽቦውን ይዞ ቆመ። አላየችውም። ከተለያዩ ወዲህ እንደዚያ ሰዓት ርቃው አታውቅም ነበር።

*

ሐጂ ከራማት ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። የሚፈራውም ለዚሁ ነው። ልጁ ፊቱ ጠቁሮ ሲገባ ሲያይ፣ "ና፣ ተቀመጥ" ብሎት ብርቱካን ይልጥለት ጀመር።

"አባዬ፣ ለማቆያው የሚሄደው ውሃ ከየት ነው የሚቀዳው?"

"ከመሬት ነዋ። ውሃ ከየት ይቀዳል ልጄ?" አለ ሐጂ ከራማት ፈገግ ብሎ።

"ሾፌሮቹን ጠይቄያለሁ። ከቆዳ ፋብሪካው ጀርባ ካለው ጉድጓድ ነው። ውላችን ግን የከተማው ንጹሕ ውሃ ነው የሚለው። ሕፃናት እየታመሙ ነው!"

"ሕፃናት ሁልጊዜም ይታመማሉ።" ብርቱካኑን ለሁለት ከፈለው። "ስሟ ማን ነበር? ዘርሚና። ጥልፏ ጥሩ ነው ይባላል።"

አባቱ ያውቅ ኖሯል። ምናልባትም ከመጀመሪያው።

"አትደንግጥ" አለ ሐጂ ከራማት በዚያው በለሰለሰ ድምፅ። "እኔም ወጣት ነበርኩ። ስማ። ማክሰኞ ከሰብአዊ መብት የሚመጡ አጣሪዎች አሉ። ቦቴዎቹ በአንተ እጅ ናቸው፤ የሚጠይቁት አንተን ነው። 'ከከተማው ቧንቧ ነው' ትላለህ። አንዲት ቃል። በዋዜማው ልጅቷና እናቷ በጓሮ በር ይወጣሉ። ከዚያ ብታገባትም አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ።"

"እምቢ ብልስ?"

"እምቢ ብትልማ አውቶቡስ ይመጣል። ድንበሩን ከተሻገረች ደግሞ ማን ፈልጎ ያገኛታል?" ግማሹን ብርቱካን በልጁ መዳፍ ላይ አስቀመጠለት። "ብላ፤ ጣፋጭ ነው።"

ሙዛሚል በላ። ጣፋጭ ነበር። ራሱን የጠላው ያኔ ነው።

*

ሰኞ ጠዋት የታጅቢቢ ልጅ ሞተ። ሐኪም ጥሩልን እያሉ በሩን ሲደበድቡ የነበሩት ሴቶች ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር። ሁለት ወንድ እስረኞች በዘበኛ ታጅበው ከፋብሪካው ጀርባ ቀበሩት። ታጅቢቢ አላለቀሰችም። የልጇን መጠቅለያ ጨርቅ አጥባ፣ ጨምቃ፣ ሽቦው ላይ አሰጣችው። ከዚያ እስኪደርቅ አጠገቡ ቆመች።

ከሰዓት በኋላ ኩልሱም ወደ መጋዘኑ መጣች። እንደ ወትሮዋ አልጮኸችም።

"ዘርሚና፣ እናትሽን ይዘሽ ተከተይኝ። ጥቅልሽንም ያዢ። ቀን ወጣልሽ፤ ያ ሽቶው ሾፌር በጓሮ በር ቆሞልሻል።"

በሩ ሲከፈት ሙዛሚል መኪናውን አስነስቶ፣ የኋላውን በር ከፍቶ ይጠብቅ ነበር። ሲያያት ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጉላላይ ሳትጠየቅ አንድ እግሯን መኪናው ውስጥ አስገባች። ዘርሚና ግን ከደፉ አላለፈችም።

"እንዴት ሆነ?" አለችው።

"አባቴ ሰው አነጋገረልን። ግቢ፣ ቶሎ።"

"አባትህ ስሜን ያውቀዋል?"

"ያውቀዋል።"

"ወደደኝ እንዴ?"

በድምጿ ውስጥ የነበረችው ትንሽ ተስፋ ከስድብ የበለጠ ወጋችው። እጁን ወደ መኪናው ሲያመለክት ተስፋዋ ከፊቷ ላይ ሲጠፋ አየ።

"በመስተዋት ውስጥ ሳይህ የልብህ ሁሉ ይታየኝ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ዛሬ ፊት ለፊት ቆሜ ምንም አይታየኝም። ምን ሰጠኸው ሙዛሚል?"

"ምንም! አንዲት ቃል ብቻ። ነገ ሲጠይቁኝ ውሃው የከተማ ነው እላለሁ። በቃ። እናንተ ትወጣላችሁ።"

"ሌሎቹስ?"

"ዘርሚና፣ እለምንሻለሁ..."

"የታጅቢቢ ልጅ ዛሬ ጠዋት ሞተ።"

ሙዛሚል የመኪናውን በር ይዞ ቀረ። አላወቀም ነበር። ደግሞ አለማወቁ፣ ደግሞ!

"ሙሽራ ስሆን በየትኛው ውሃ ነው የሚያጥቡኝ?" አለች። "ንገረኝ። በየትኛው?"

"ዓለምን ሁሉ ማዳን አልችልም!" ብሎ ጮኸ። "አንቺን ብቻ ነው የፈለግሁት! የሚወዱትን ማዳን ኃጢአት ነው?"

"አይደለም።" እንባዋ መውረድ ጀመረ፤ አልጠረገችውም። "ስማኝ። አንተ ስንት ጊዜ ብለኸኛል፤ እኔ ግን አንድም ቀን ብዬህ አላውቅም። እወድሃለሁ። ለዚህ ነው የማልወጣው። ዛሬ ብወጣ በየማለዳው ፊትህን ባየሁ ቁጥር ያ ሕፃን ይታየኛል። ከዚያ እጠላሃለሁ። እኔ ልጠላህ አልፈልግም።"

"አንቺ ልጅ፣ አብደሻል?" አለች ጉላላይ ከመኪናው በኩል። "አጥንቴ ሲሚንቶ ላይ አለቀ እኮ! በር ተከፍቶልሽ..."

"አንቺ ውጪ እማዬ። እኔ አልፈርድብሽም።"

ጉላላይ ልጇን አየች፣ መኪናውን አየች፣ መንገዱን አየች። ከዚያ እግሯን መልሳ አወጣች። "አባትሽም እንዲሁ ነበር፤ እልኸኛ! እልሁ ነው የገደለው" እያለች አጉረምርማ ጥቅሏን አነሳች።

ኩልሱም ቁልፉን ይዛ ፈዛ ቆማ ነበር። "ልውጣ ብሎ የሚለምነኝ ሞልቷል" አለች ለራሷ ያህል፤ "ልግባ የሚለኝ አይቼ አላውቅም።" እናትና ልጅ ወደ ውስጥ ሲመለሱ፣ በሩን ለመዝጋት ሁለት ጊዜ ሞከረች።

ሙዛሚል የብረቱን በር በሁለት እጁ ተደገፈው። ፀሐይ ስትመታው የዋለ ብረት ነው፤ ያቃጥላል። እጁን አላነሳም።

*

ማክሰኞ ማቆያው ሌላ ቦታ መሰለ። ሽንት ቤቱ በር ገባለት። ምንጣፍ ተነጠፈ። የታሸገ ውሃ ለየሰዉ ታደለ፤ "ጠርሙሱን በእጃችሁ ያዙ፣ እንዳትጨርሱት" ተባሉ። የማቆያው ኃላፊ በየመጋዘኑ እየዞረ፣ "የሚያማርር ሰው የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ ይሄዳል" ብሎ በፈገግታ ነገራቸው።

አጣሪዎቹን የሚመሩት ነፊሳ የሚባሉ ሽበታም የሕግ ባለሙያ ነበሩ። ጠርሙሶቹን አዩ፣ ምንጣፉን አዩ፣ ከዚያ ወደ ቦቴው ሄዱ። ሐጂ ከራማት ነጭ በነጭ ለብሶ ከጎኑ ቆሟል።

"ይህ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?" ብለው ሙዛሚልን ጠየቁት።

ሙዛሚል ወደ ሽቦው ተመለከተ። ዘርሚና ከታጅቢቢ ጎን ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ልታስፈራራውም፣ ልትለምነውም አልፈለገችም። ለራሱ ተወችው።

አንደበቱ እምቢ አለው። በአባቱ ላይ፣ በአባቱ ፊት! ብርጭቆ ፈልጎ ከቦቴው ቀዳና በሁለት እጁ ለአባቱ ዘረጋለት።

"አባዬ፣ ይጠጡ።"

አባቱ እምቢ ብሎ እውነቱ ያለ ቃል ይወጣል ብሎ አስቦ ነበር። ሐጂ ከራማት ግን ብርጭቆውን ተቀበለ። ዓይኑን ከልጁ ዓይን ላይ ሳይነቅል፣ ሳይቸኩል፣ እስከ ታች ጨለጠው። ጢሙን ጠረገ። "አልሐምዱሊላህ" አለ ረጋ ብሎ። "እንደ ማር ነው።"

የማቆያው ኃላፊ ሳቀ። አጣሪዎቹ ተያዩ። ሙዛሚል ያን ጊዜ የገባው አንድ ነገር ነው፤ ከቃል ማምለጫ የለም።

"ከቆዳ ፋብሪካው ጀርባ ካለው ጉድጓድ ነው" አለ። ድምፁ ተሰባብሮ ወጣ። "ቦቴዎቹን የማሰማራው እኔ ነኝ። ሳልጠይቅ ነው የላክሁት። ትናንት አንድ ሕፃን ሞቷል። ከዚህ ጀርባ ተቀብሯል። ጉድጓዱን ላሳያችሁ እችላለሁ።"

ከሽቦው ወዲያ አንዲት ሴት እሪ አለች። ታጅቢቢ ነበረች። ልጇ ከሞተ ወዲህ ያን ጊዜ ገና አለቀሰች።

አጣሪዎቹ ወደ ጉድጓዱ ሲሄዱ ሐጂ ከራማት በልጁ አጠገብ አለፈ። ትከሻውን እንደ ድሮው ቸብ አደረገው። "ከዛሬ ጀምሮ ቦቴው ላይ 'ሐጂ ከራማት' ብቻ ይጻፋል" አለው በጆሮው። ድምፁን ያኔም ከፍ አላደረገም።

ሙዛሚል ቀና ሲል ዘርሚና ታየዋለች። ሊስቅም ሊያለቅስም አልቻለም።

*

ረቡዕ ንጹሕ ውሃ ገባ፤ ሐኪምም መጣ። ነገር ግን ረቡዕ አውቶቡሶቹም መጡ። ኃላፊው ቃሉን ጠበቀ፤ መጀመሪያ የተጠራው የእነ ዘርሚና መጋዘን ነበር። ነፊሳ በስልክ ቢጮኹም፣ ለፍርድ ቤት ማመልከቻ ቢያስገቡም፣ አውቶቡስ ከወረቀት ይፈጥናል።

ሙዛሚል የአንዱን ቦቴ ሾፌር ሞተር ሳይክል ተውሶ ተከተላቸው። ኡታል በምትባል የመንገድ ዳር ከተማ ደረሰባቸው። አውቶቡሶቹ ለቀትር ሶላት ቆመው ነበር፤ ወንዶቹ ሲወርዱ ሴቶቹ ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ኩልሱም በሩ ላይ ቆማለች፤ አጃቢ ሆና ነው የመጣችው። ልብሱ በአቧራ ነጭ ሆኖ ሲመጣ አይታ፣ አንድም ቀልድ አልወጣትም።

"ሶላት እስኪያልቅ" አለችው። "በመስኮቱ በኩል።"

ከመስኮቱ መጀመሪያ ያገኘው የታጅቢቢን ፊት ነው። ሙዛሚል አንገቱን ደፋ።

"የልጄን ስም ታውቀዋለህ?" አለችው።

"አላውቀውም።"

"ኢማል ነው። እኔን ወዲያ ሲወስዱኝ እሱ እዚህ ቀርቷል። ሰው የለውም። ሐሙስ ሐሙስ ሂድለት። ውሻ እንዳይቆፍረው ድንጋይ አድርግበት። አንተን ይቅር ብዬ አይደለም። ሌላ የምልከው ስለሌለኝ ነው።"

"እሄዳለሁ" አለ።

ታጅቢቢ ቦታዋን ለቀቀች። ዘርሚና መስኮቱ ላይ መጣች። እንደዚያ ተቀራርበው ተያይተው አያውቁም።

"አባትህ ከቤት አስወጣህ?" አለችው።

"አዎ።"

"በእኔ ምክንያት።"

"በራሴ ምክንያት።"

"እፈራለሁ ሙዛሚል።" ድምጿ የሕፃን ሆነ። "ያን አገር አላውቀውም። ሴት ብቻዋን መንገድ አትወጣም ይላሉ። መርፌዬን ይከለክሉኝ ይሆን? የማን ቤት ነው የምንገባው?"

"እመጣለሁ።"

"በምን? ማን ያሻግርሃል? አትዋሸኝ። ከእንግዲህ አንዲትም ውሸት አልችልም።"

"እሞክራለሁ። እስክሞት እሞክራለሁ። ከዚህ በላይ አላውቅም።"

"እሱን አምናለሁ" አለች፤ ከተያዘች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ጉላላይ ከኋላ ብቅ አለች። "ልጄን ልትጠይቅ ነው የመጣኸው? ሽማግሌዎችህ የታሉ?"

"ማንም የለኝም፣ እናቴ። ብቻዬን ነኝ።"

"በእኛ ወግ ብቻውን የሚጠይቅ ወንድ የለም።" ጥቅሏን ፈትታ ስትፈልግ ቆየችና የሸንኮራ ስኳር ቁራጭ አወጣች። "ደግሞ በእኛ ወግ ልጅ ሲፈቀድ ለጠያቂው ጣፋጭ ይሰጣል። ያለኝ ይህ ነው። ተቀበል። ለአንተ ከሆነች፣ አላህ መንገዱን ይክፈተው።"

በመስኮቱ ጠባብ ክፍተት ስኳሩን የሰጠችው ዘርሚና ናት። ጣቶቻቸው ተነካኩ። ከተዋወቁ ጀምሮ የመጀመሪያቸው ነበር።

ወንዶቹ ከሶላት ተመለሱ። ኩልሱም ፊቷን ወደ ተራራው አዙራ፣ "በቃ" አለች። አውቶቡሱ አጓርቶ ተነሳ። ዘርሚና እጇን መስታወቱ ላይ እንደለጠፈች፣ መንገዱ ተጠምዝዞ ሰወራት። ከፊታቸው ያሉት ተራሮች በቀን ብርሃን ጠቁረው ነበር። ከዚያ ወዲያ ድንበሩ አለ፤ ከድንበሩ ወዲያ ያለውን እሱም እሷም አያውቁም።

ሙዛሚል ሞተሩን አስነሳ። መላ ሰውነቱ ተከተላት፣ ተከተላት ይለው ነበር። ነገር ግን ነገ ሐሙስ ነው። ለሰው የገባው የመጀመሪያው እውነተኛ ቃል በተቃራኒው መንገድ ይጠብቀዋል። ፊቱን ወደ ካራቺ አዞረ። በሄደ ቁጥር ከእሷ እየራቀ፣ ግን እንደዚያ ቀን የእሷ ሆኖ እንደማያውቅ እየተሰማው፣ እያለቀሰ ነዳ።